በሞተሩ ፋንታ ሦስት ጆንያ አሸዋ

መጀመሪያ የተሰማው የብረት ድምፅ ነው። አንድ ጊዜ ሲጥ አለ፤ ከዚያ ከባድ ነገር መሬቱን መታና የመስኮቱ መስተዋት ተንቀጠቀጠ።

ሽማግሌው ከአልጋቸው ቀና ብለው፣ ብርሃን እንጂ መልክ የማይለዩ ዓይኖቻቸውን ወደ ግቢው አዞሩ። «ምንድነው የወደቀው፣ ልጄ?»

«ብረት ነዋ፣ አባባ! በዚህ ግቢ ከብረት ሌላ ምን ይወድቃል?» አለች የታናሽ ልጃቸው ሚስት። መድኃኒታቸውን አስዋጠቻቸው። ትራሳቸውን አስተካከለች። ብርጭቆውን እያጠበች ሳለ ነው፣ የብየዳ ኦክስጅን ሲሊንደር ሊያስሞላ ወጥቶ የነበረው ወንድሟ ተመልሶ ግቢው ውስጥ ካለው ጋራዥ እንደ ሕፃን ሲጮህ የሰማችው።

ባሏ ከአሮጌዋ የስፖርት መኪና ጅራት ስር ነበር። የሚታዩት እግሮቹ ብቻ ናቸው።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ የገባችበትን ሳትወጋ ስለማትወጣ ነው። እሷ ስትደርስ ጎረቤት ተረባርቦ አስከሬኑን አውጥቶ፣ ነጠላ አልብሶ በር ላይ አጋድሞታል።

«ነገሩ ግልጽ ነው» አላት ቀድሟት የደረሰው ሃምሳ አለቃ፣ እግሩ የተሰበረ የብረት መደገፊያ ከፍ አድርጎ። «መኪናዋን ተሸክሞ የነበረው ይሄ ነው። ብየዳው ለቀቀ። የበየደው ደግሞ ያውና!»

በያጁ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀምጧል። ጥቁር መነጽሩ ግንባሩ ላይ ቀርቷል። «እሰሩኝ» አለ ቀና ሳይል። «እጄ ነው የገደለው። የእህቴ ባል ብቻ መሰላችሁ? ጓደኛዬ ነበር።»

«አንተ ዝም በል!» እህቱ ተንደርድራ መጥታ ፊቱ ቆመች። «ባሌን ሳልቀብር ላንተ ደግሞ ወህኒ ቤት ስንቅ ላመላልስ? ማን ሊቀረኝ ነው? ዝም በል ብያለሁ!»

መርፌ መደገፊያውን ተቀብላ ወደ ብርሃን ወሰደችው። የተሰበረውን እግር በጣቷ ዳበሰች፤ አስቀመጠችውና ጋራዡን ትዞር ጀመር።

መኪናዋ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ መሬት ልትልስ የደረሰች ዝቅ ያለች ነበረች። ለውድድር መም ሲያዘጋጇት ወንበሯ፣ ምንጣፏ፣ የበሮቿ ልባስ ሁሉ ወጥቶላታል። ብትገለበጥ ነጂውን እንዲያድን ውስጧ በወፍራም ቱቦ ታጥሯል። ሞተሯ ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። እንዲያ ተራቁታ ስትታይ ታማ የከሳች እንጂ ልትሮጥ የተዘጋጀች አትመስልም።

ከኋላ ባለው ግድግዳ ስር ሦስት የአሸዋ ጆንያዎች ነበሩ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን፣ ሦስተኛው በላያቸው አግድም። የታሰረው አፋቸው በሙሉ ወደ ግድግዳው ዞሯል።

«እነዚህ ለምንድን ናቸው?»

በያጁ አሁን ገና ቀና አለ። ፊቱ ተለዋወጠ። «እዚያ ማን ወሰዳቸው? ቦታቸው ከፊት ነው፣ ሞተሩ የነበረበት! የኋላው ወለል በዝገት ስለተበላ መደገፊያዎቹን ወደ መሃል አስጠግተናል። ሞተሩ ሲወጣ ጅራቷ ከበደ። በሞተሩ ፋንታ አሸዋ ካልተጫነባት በጅራቷ ቁጭ ትላለች።»

«አንተ አላነሳሃቸውም?»

«አብጃለሁ እንዴ? እሱ ከስር ተኝቶ!»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እኔና እሱ። እህቴ። ጋሼም፣ ታላቅ ወንድሙ፣ አንድ ቀን መጥቶ ሲጠይቀው አስረድቶታል።»

መርፌ ተንበረከከች። ከመኪናዋ አፍንጫ እስከ ግድግዳው ድረስ አሸዋ ተንጠባጥቧል። በመውደቋ ከተሰነጠቀው የኋላ ዘይት መያዣ የፈሰሰ ጥቁር ዘይት መንገዱን አቋርጦታል። አንድ ቁንጥር አሸዋ አንስታ በጣቶቿ መሃል አሸችው፤ ሃምሳ አለቃው ጉድ ነው በሚል ዓይን ተመለከታት።

ሚስትየውን ማድ ቤት ውስጥ አገኘቻት። ያንኑ ብርጭቆ ደግማ እያጠበች ነበር።

«ከመውደቋ በፊት የሰማሽው ነገር አለ?»

«ሲስቅ ሰምቻለሁ። ‹አታደርገውም!› ብሎ ሳቀ። ወንድሜ የተመለሰ መስሎኝ…» ብርጭቆውን አስቀመጠችው። «ብርጭቆ ሳጥብ ነበር እኮ! እሱ ያን ሁሉ ብረት ደረቱ ላይ ተሸክሞ፣ እኔ ብርጭቆ! ወንድሜን አትውሰዱብኝ። እባክሽ፣ እግርሽ ላይ ልውደቅ።»

«ተነሺ» አለቻት መርፌ።

ታላቅየው የእህል መጋዘን ኃላፊ ነው። ወሬው ደርሶት ቢሮውን ሲዘጋ አገኘችው። ትከሻው ሰፊ፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ዓይኑ የቀላ ሰው ነው።

«ከወንድምዎ ጋር እንዴት ነበራችሁ?»

«መኪናዋ የአባታችን ናት። የተቀመጡበትን ወንበር ሳይቀር ነቅሎ ጣለው። ዓይናቸው ስለደከመ ብቻ! በየማታው ‹መኪናዬ ተሸፍናለች?› ይሉኛል፤ ‹አዎ አባባ› እላለሁ። ‹የሚቆረጠው ብረትስ?› ሲሉ ‹የደንበኛ መኪና ነው› እላለሁ። እሱ እየቆረጠ እኔ እዋሻለሁ።» ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። «ግን ወንድሜ ነው። ያ ብየዳ ጨረሰው።»

«ዛሬ ጋራዡ ሄደው ነበር?»

«ከረገጥኩት ቆየሁ።»

በዚህ መሃል አንድ ተሸካሚ ጆንያ አምጥቶ ከቢሮው በር አጠገብ ባለው የጆንያ ክምር ላይ ዘፍ አደረገው። ታላቅየው ንግግሩን ሳይጨርስ ዞረ። «አፉን ወደ ውስጥ አንተ! ስንቴ ልንገርህ? ክሩ ቢፈታ ማን ይለቅመዋል?» ሄዶም በገዛ እጁ አዞረው።

መርፌ አመስግናው ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሽማግሌው ይቅሩ ቢባሉ እምቢ ብለው፣ ምራታቸው ደግፋ ወንበር ላይ አስቀምጣቸዋለች። ሃምሳ አለቃው ካቴናውን ይዞ ከበያጁ ኋላ ቆሟል።

«ከብየዳው እንጀምር» አለች መርፌ፣ መደገፊያውን አንስታ። «መጥፎ ብየዳ ሳይጎብጥ ነው ቀጭ ብሎ የሚሰበረው። ይሄ እግር መጀመሪያ ጎበጠ፣ ቀጥሎ ተቀደደ። የተቀደደውም ብረቱ ነው፤ ብየዳው እንዳለ አለ። መኪናዋ ስትወድቅ ይዛው ወደቀች እንጂ እሱ አልጣላትም።»

በያጁ የሌላ ሰው ይመስል የገዛ እጆቹን ተመለከታቸው። እህቱ አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«የጣላት የጆንያዎቹ መነሳት ነው። ተሸክሟቸው የሄደው ሰው በየምልልሱ አሸዋ አንጠባጥቧል። ሁለት መስመር ዘይቱ መጥቶባቸው ረጥበው ተጣብቀዋል። ሦስተኛው መስመር ግን ዘይቱ ላይ ነው ያረፈው፤ ላዩ ደረቅ ነው። ዘይቱ የፈሰሰው ደግሞ መኪናዋ ስትወድቅ ነው።»

«ምን ማለት ነው?» አለ ሃምሳ አለቃው።

«ሦስተኛው ጆንያ ሲነሳ ወደቀች ማለት ነው። ያነሳው ሰው ጆንያውን እዚያው አልጣለውም። ሰው ከስር እየሞተ፣ በዘይቱ ላይ ተራምዶ ወሰደው።»

«እንዲህ ያለ ጨካኝ ማነው?» አለች ሚስትየው በሹክሹክታ።

«ጨካኝ ቢሆን ጥሎት ይሄድ ነበር። ይሄ ልቡ ጠፍቶ እጁ ብቻ የቀረ ሰው ነው። እጁ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ የሠራውን ሠራ። ሁለቱን ጎን ለጎን፣ አንዱን አግድም፣ አፋቸውን ወደ ውስጥ። ያን ጊዜ በያጁ ሲሊንደር እያስሞላ ነበር፤ ከሞሉለት ሰዎች አጣርቻለሁ። እህቱ ከአባባ ጋር ነበረች።» ወደ ታላቅየው ዞረች። «ትላንት መጋዘንዎ ውስጥ ተሸካሚውን ሲቆጡት ሰምቻለሁ።»

ታላቅየው ለመካድ አፉን ከፈተ። ዓይኑ ግን ጆንያዎቹ ላይ አረፈ። ትከሻው ሲወርድ ሁሉም አየው።

«ውጣ አልኩት» አለ በመጨረሻ። «‹ነገ ጣሪያዋን እቆርጣለሁ› አለኝ። አንዱን አነሳሁ። ውጣ አልኩት። ሳቀ። ሁለተኛውን አነሳሁ። ‹አታደርገውም፣ ጋሼ› አለኝ፤ ከስር ሆኖ መፍቻውን እያዞረ። ሦስተኛውን ስይዝ ይወጣል ብዬ ነበር። እንደሚወጣ እርግጠኛ ነበርኩ። አባባ እኮ መኪናቸው እንደተሸፈነች ነው የሚያውቁት! አንድ ቀን ዳስሰው ባዶ ብረት ቢያገኙስ?»

«ዕውር ብሆን ደንቆሮ ነኝ እንዴ?»

ሁሉም ወደ ሽማግሌው ዞሩ። ድምፃቸው ደርቋል።

«የመኪናዬ በር ሲዘጋ የማላውቀው መሰለህ? ከመሸፈኛ ስር ከምትበሰብስ ቆርጠህ አሩጣት ብዬ ወንድምህን ያዘዝኩት እኔ ነኝ። በወጣትነቴ ያማረኝን እሱ ይወጣልኝ ብዬ። ላንተ ትንፍሽ እንዳይል ያስማልኩትም እኔ ነኝ፤ አንተ እንዳትከፋ። ተሸፍናለች ስትለኝ ደስ እንዲልህ ነበር ማታ ማታ የምጠይቅህ።»

ታላቅየው በግንባሩ ተደፋ። «አባባ… እሱ አልነገረኝም እኮ» አለ መሬት ላይ ሆኖ።

«ምሎልኝ ነዋ» አሉ ሽማግሌው።

ሃምሳ አለቃው ካቴናውን ይዞ ከበያጁ ወደ ታላቅየው ተሻገረ፤ መርፌ ግን በዓይኗ ሽማግሌውን አሳይታ አስቆመችው። ሚስትየው ወንድሟን አቅፋ ቆማ ነበር፤ ማልቀሷ ይሁን መሳቋ አይለይም።

ሽማግሌው ምርኩዛቸውን አገኙና ተነሱ። በግራ እጃቸው መኪናዋን ከጅራቷ እስከ አፍንጫዋ ዳሰሷት፤ ባዶው የሞተር ቦታ ሲደርሱ እጃቸው ትንሽ ቆየ። ከዚያ መሬት በተደፋው ልጃቸው አጠገብ አለፉ። ልብሳቸው ፊቱን ነካው፤ አልቆሙም።

«አባባ፣ ወዴት ነው?» አለች ምራታቸው።

«ወደምቀብረው ልጄ» አሉ፤ የግቢውን በርም ራሳቸው ከፈቱት። ምርኩዛቸው ድንጋዩን እየመታ መንገዱን ይዘው ወረዱ።