የእትዬ ከድጃ ከንፈር

«እድልዬ፣ እስቲ ከንፈሬን እዪልኝ» አሉ እትዬ ከድጃ።

እድላዊት ከደብተሯ ቀና ብላ አየች። የጎረቤቷ የታችኛው ከንፈር ወይን ጠጅ ሆኗል። የፊት ጥርሳቸውም እንደዚያው። እትዬ ከድጃ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ለሽያጭ የሚሆን ሙዳይ እየሰፉ ነበር። ስፌቱ የሚጠቀለልበትን ሣር፣ አክርማውን፣ እንደ ልማዳቸው ከመሳባቸው በፊት በከንፈራቸው እየያዙ ያረጥቡታል። ሰፊዎች ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ ደረቅ አክርማ እጅ ላይ ይሰበራል።

አክርማውን የሰጠቻቸው እድላዊት ራሷ ናት። ከአንድ ሰዓት በፊት፣ እየተኩራራች፣ «ከዛፍ ሽበት ያወጣነው ቀለም ነው፤ ምንም ኬሚካል የለበትም» ብላ።

«ይሄ የቀለም ዱቄት ነው» አሉ እትዬ ከድጃ፣ ከንፈራቸውን በአውራ ጣታቸው ጠርገው ጣቱን እያሳዩዋት።

«አይደለም እትዬ። ስድስት ሳምንት የዘፈዘፍነው ነው።»

«ልጄ፣ እኔ ይሄን ከንፈር ሳጥብ ሃያ ዓመቴ ነው። የገበያው ዱቄት ደህና አድርገው ካላለቀለቁት እንዲህ ይለቃል። የዛፍ ሽበቱን አላውቀውም፤ ይሄን ግን አውቀዋለሁ። የራሴው ዱቄት ነው።»

«የራስዎ?»

«ያቺ ቀጭኗ ጓደኛሽ የፋሲካ ማግስት መጥታ ሁለት ማንኪያ ወስዳ የለ? ለሥዕል ነው አለችኝ። ምነው፣ አልነገረችሽም?»

የእድላዊት ፊት ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ደብተሯን ብብቷ ሥር ከታ ተነሥታ ከግቢው ወጣች።

ነገሩ የሳይንስ ፕሮጀክት ነበር። እሷና ቀጭኗ ጓደኛዋ ማርቲ ከዕፅዋት ቀለም ማውጣትን መረጡ። ቢጫው ከእርድ፣ ቡናማው ከሽንኩርት ልጣጭ፣ ቀዩ ከእንሶስላ ሥር ወጣ። እነዚህን ቀቅሎ ክርና ሣር መንከር ነው፤ ከባድ አልነበሩም። ያስቸገራቸው ወይን ጠጁ ነው። በዝናብ ከወደቀ የጥድ ግንድ ላይ እንደ ፀጉር የተለጠፈውን ግራጫ የዛፍ ሽበት በቢላዋ ፍቀው፣ አድርቀው፣ ፈጭተው፣ ክዳን ባለው ባልዲ ውስጥ በሰነበተ ሽንት ዘፈዘፉት። አዎ፣ በሽንት። ድሮ ጨርቅ የሚነክሩ ሰዎች እንዲህ ያደርጉ እንደነበር የነገሯቸው የሳይንስ አስተማሪያቸው መምህር ሚሳኤል ናቸው። የማን ሽንት እንደሆነ ለማንም ላለመናገር ሁለቱ ተማምለዋል።

ባልዲው በየቀኑ መማሰል ነበረበት። የእነእድላዊት ግቢ የጋራ ስለሆነና ጎረቤት ስለጮኸ፣ ላፍቶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ የእነማርቲ በረንዳ ላይ ተቀመጠ። እድላዊት በየቀኑ አራት ፎቅ እየወጣች፣ አፍንጫዋን በነጠላ አስራ አማሰለች፣ ያየችውን በደብተር ጻፈች። በአራተኛው ሳምንት ውሃው ቀላ ማለት ጀመረ። ያኔ የፋሲካ በዓል ደረሰና ከቤተሰቧ ጋር ለአራት ቀን ደብረ ብርሃን ሄደች። ስትመለስ ባልዲው ሙሉ ወይን ጠጅ ሆኖ ጠበቃት።

በዚያ ቀለም ከትምህርት ቤቱ አንደኛ ወጡ። ነገ ጠዋት በክፍለ ከተማው ኤግዚቢሽን ላይ ትምህርት ቤቱን ወክለው ይቀርባሉ። ተማሪው ሁሉ ሲያጨበጭብ መድረክ ላይ ወጥታ «ትዕግሥት የጠየቀ ሥራ ነበር» ያለችው እሷ ናት። ያ ቃል አሁን በአስፋልቱ ዳር ወደ ማርቲ ቤት እየሮጠች ስታስታውሰው ራሷን በጥፊ መምታት አማራት።

ማርቲ በሩን ከፍታ ፈገግ አለች። «ጥሩ መጣሽ፤ ነገ ምን እንደምንለብስ…»

«ሁለት ማንኪያ» አለቻት እድላዊት።

«ምን?»

«ከእትዬ ከድጃ ሁለት ማንኪያ ዱቄት ወስደሻል። ለሥዕል። የታለ ሥዕሉ? አሳዪኝ።»

የማርቲ ፈገግታ ጠፋ። ወደ ቤት ውስጥ ገልመጥ አለችና በሩን ከኋላዋ ገጥማ ወደ ደረጃው ወጣች። «ድምፅሽን ቀንሺ።»

«አልቀንስም።»

«እማዬ ደፋችው። ስቅለት ዕለት እኔ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ። ለበዓል በረንዳውን ስታጸዳ ሽንት ቤት ደፍታው፣ ባልዲውን በበረኪና አጥባ ዘቅዝቃዋለች። ስመጣ አልቆ ነበር። ምን ላድርግ?»

«ትነግሪኛለሻ። ስልክ አለሽ፤ አፍ አለሽ።»

«ላንቺ?» አለች ማርቲ። «የማታውን ማማሰል አንድ ቀን ረሳሁ ብለሽ ሳምንት ሙሉ ያኮረፍሽኝ እኮ ነሽ። ፈራሁሽ በቃ። ሼም ነው፣ አውቃለሁ። ግን ፈራሁሽ።»

ይሄ እድላዊትን ይብሱን አናደዳት፤ እውነት ስለሆነ።

«ዐሥር ቀን ሙሉ ዱቄት ሳማስል ቆመሽ አየሽኝ። እየጻፍኩ። እንደ ፋራ በየቀኑ እየጻፍኩ። ሙድ እየያዝሽብኝ ነበር?»

«ማን ሙድ ያዘብሽ? እሺ አንቺስ?» አሁን የማርቲም ድምፅ ከፍ አለ። «ባልዲው እኮ ሰፈር ያስለቅቅ ነበር። ከደብረ ብርሃን ተመልሰሽ ክዳኑን ስትከፍቺ ምን ሸተተሽ? ምንም። ዱቄትና የቧንቧ ውሃ ነበራ። አፍንጫሽ የት ሄዶ ነው? እኔ ልነግርሽ አፌን ስከፍት አንቺ ‹ቀለሙ መጣ› ብለሽ ተጠመጠምሽብኝ።»

እድላዊት ያን ቀን የጻፈችውን በደንብ ታስታውሳለች። «ሠላሳ ሁለተኛ ቀን። ሽታው ጠፍቷል። ቀለሙ ደምቋል።» ያን ስትጽፍ ለአፍታ ያህል «ለምን?» የሚል ነገር መጥቶባት ነበር። የሠላሳ ቀን ሽንት በአራት ቀን ውስጥ ሽታውን የት ይጥላል? ቀለሙ ግን በጣም ያምር ነበር። ጥያቄውን ትታ ገጹን ገለጠች።

ደረጃውን ወረደች። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ቆማ ለመምህር ሚሳኤል ደወለች፤ ትንሽ ከቆየች እንደማትደውል ታውቃለች።

«ቲቸር፣ ወይን ጠጁ ከዛፍ ሽበት የወጣ አይደለም። የገበያ ዱቄት ነው።»

«ሌላ ማን ያውቃል?» አሉ መምህሩ።

እድላዊት የጠበቀችው «ማን አደረገው?» የሚል ጥያቄ ነበር። ወይም ቁጣ። ቢቆጧት ደስ ይላት ነበር።

«እኔ፣ ማርቲና አንዲት ጎረቤቴ፤ ሲሰፉ ከንፈራቸውን አቀለማቸው።»

«ስሚኝ እድላዊት። የትምህርት ቤቱ ስም ፕሮግራሙ ላይ ታትሟል፤ ርዕሰ መምህሩም ይመጣሉ። ዳኞቹ ክሩን ያዩታል እንጂ አፋቸው ውስጥ አይከቱትም። ዘዴው እንደሆነ ትክክል ነው፤ አንቺ ዘዴውን አስረጂ። ሌላውን ከኤግዚቢሽኑ በኋላ እንነጋገራለን።»

«ያላገኛችሁትን ውጤት አትጻፉ ያሉን እኮ እርስዎ ነዎት።»

«ብያለሁ» አሉ መምህሩ። ድምፃቸው ወረደ። «በይ ደህና እደሪ።»

ስልኩ ተዘጋ። እድላዊት በማርቲ ተናደደች፣ በማርቲ እናት ተናደደች፣ በበረኪናው ሳይቀር ተናደደች። አሁን ደግሞ በመምህሩ። ከሁሉም በላይ ያቃጠላት ግን ያ «ሽታው ጠፍቷል» የሚለው የራሷ የእጅ ጽሑፍ ነው። ሌላውን ሁሉ መስደብ ይቻላል። እሱን ምን ትለዋለች?

ጠዋት አዳራሹ ስትደርስ ማርቲ ቀድማ መጥታ ጠረጴዛውን አሰናድታ ነበር። ቢጫው፣ ቡናማውና ቀዩ ክር በተርታ ተሰቅሏል። መሐል ላይ ወይን ጠጁ አለ፤ ከሩቅ ይጣራል። ሰው ሁሉ ገና ከበር ሲገባ የሚያየው እሱን ነው። ሁለቱ ሰላም አልተባባሉም። መምህር ሚሳኤል በአጠገባቸው ሲያልፉ «ጎበዞች» አሉና እድላዊትን ሳያዩ ሄዱ።

ዳኞቹ ሦስት ሰዓት ላይ ከወዲያኛው ጥግ ጀመሩ።

እድላዊት ከወይን ጠጁ ሥር የተለጠፈውን ካርድ ላጠችው። ገልብጣ ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመረች።

«ወይን ጠጅ፦ ከገበያ የተገዛ የአክርማ ቀለም ዱቄት።
ከዛፍ ሽበት፦ ውጤት የለም። ሙከራው በ28ኛው ቀን ተቋርጧል።
በ32ኛው ቀን ሽታው መጥፋቱን አየሁ። አልጠየቅሁም። እድላዊት።»

ከሥሩ አንድ ቃል ጨመረች፤ «ምክንያት፦»። ከዚያ ወዲያ መስመሩን ባዶ ተወችውና እስክሪብቶውን ማርቲ ፊት አስቀመጠች።

ማርቲ አንብባ ፊቷ አመድ መሰለ። «ቲቸር ይገድለናል።»

«ይግደለን።»

«እሺ ለምን አንቺው አትጨርሺውም? ታውቂው የለ?»

«የራሴን ጽፌያለሁ» አለች እድላዊት። «ያንቺን አልጽፍልሽም። አልደብቅልሽምም።»

«አሁንም ተናደሻል።»

«አዎ፣ ተናድጃለሁ። ነገም የምናደድ ይመስለኛል።»

ማርቲ እስክሪብቶውን አየችው እንጂ አላነሣችውም። ዳኞቹ ከጎናቸው ያለውን ጠረጴዛ ጨርሰው መጡ። እድላዊት ካርዱን ባዶው መስመር እንዳለ መልሳ ለጠፈችው።

ከዳኞቹ አንዷ መነጽራቸውን አውርደው ካርዱን አነበቡ። አንድ ጊዜ አንብበው እንደገና ከላይ ጀመሩ። በአዳራሹ ወዲያኛው ጫፍ መምህር ሚሳኤል አንገታቸውን አስግገው ያያሉ።

«ይህ ባዶው ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁ ሴትዮዋ፣ ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው።

እድላዊት መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ስትለማመደው ያደረችው፣ ከስቅለት እስከ ሁለቱ ማንኪያ፣ ማርቲን ከሥሯ የሚነቅል መልስ። ዋጠችው። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ፈቀቅ ብላ ለማርቲ ቦታ ለቀቀችላት።