አማርኛ የሌላት ኮምፒውተር

ልደታ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ጎረቤት ስለ ጂን ማውራት ሲጀምር «ሥራ ፈቶች» ብዬ ብድግ የምል፣ ስለዚህ የምነግራችሁን ለማሳመር የፈጠርኩት እንዳይመስላችሁ።

ታናሽ እህቴ ሰዓዳ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ነበር። ደላላው «ፎርሙ እስከ አሥር ሰዓት ካልተላከ ቦታሽ ለሌላ ይሰጣል» ብሏታል፣ ፎርሙ ደግሞ በእንግሊዝኛና በዓረብኛ የሚሞላ ነው፣ እሷ ስትጽፍ ስለምትዘገይ እኔ ልሞላላት አብነት ሰፈር ጋሽ መኩሪያ ኢንተርኔት ቤት ይዣት ገባሁ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው፣ ውጪው ጠራራ ፀሐይ። ጋሽ መኩሪያ ጥግ ላይ ያለችውን ኮምፒውተር ሰጡኝ፣ ሰዓዳ ፓስፖርቷን ኮፒ ልታስደርግ ወጣች።

ስሟን በእንግሊዝኛ ስመታ በአማርኛ ወጣ። ይኼ ብርቅ አይደለም፣ እዚያ ቤት የሚገባው ሁሉ ማመልከቻውን በአማርኛ ይጽፍና ሳይመልሰው ውልቅ ይላል። እየተነጫነጭኩ አጠፋሁት። ደግሜ ስመታ ግን የወጣው «እንኮዬ» የሚል ነው። እንኮዬ ብላ የምትጠራት እናታችን ብቻ ነበረች፣ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው፣ በዚያ ላይ ፊደል ቆጥራ አታውቅም።

ሁለቱንም እጆቼን አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግሁ፣ ወላሂ አልነካሁም፣ ቁልፎቹ ግን ቀጭ... ቀጭ... ይሉ ጀመር፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየፈለገ በአንድ ጣት እንደሚጽፍ ሰው። «እንኮዬን አትላኪያት» ይላል። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም። ሰዓዳ ስትገባ ሳያት ሁሉንም ጠራርጌ አጠፋሁት።

«ምነው ላብ በላብ ሆንሽ?»

«ሙቀቱ ነው» አልኳት፣ ዞር ብዬም «ጋሽ መኩሪያ፣ የዚችን አማርኛ ያጥፉልኝ እስቲ።»

«የምን አማርኛ ልጄ? እሷ እኮ አማርኛ አልተጫነባትም፣ ለውጭ አገር ፎርም ብቻ ነው የማስቀምጣት።»

ሰዓቱን አየሁ፣ ዘጠኝ ተኩል አልፏል። ልጅቷ ሻንጣዋን ገዝታ፣ ሰፈሩን ሁሉ ተሰናብታ ጨርሳለች፣ ምን ብዬ ላስቀራት፣ ኮምፒውተር ከለከለኝ ልበል? ሞላሁትና ላክሁት።

ከሄደች ዘጠኝ ወሯ ነው። መጀመሪያ በየሳምንቱ ትደውል ነበር፣ ከሁለት ወር ወዲህ ግን ጽሑፍ ብቻ ነው የምትልከው፣ ያውም ያለ አማርኛ ፊደል ጽፋ የማታውቀው ልጅ፣ አሁን አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ሆኗል የምትጽፈው። «ደህና ነኝ፣ አታስቡ» ይላል። ድምፅሽን አሰሚኝ ስላት መልሱ ያው «ደህና ነኝ» ነው። ያን ቀን ያየሁትን ለአባታችን እንኳ አልነገርኩም፣ ምን ብዬ እነግረዋለሁ።

ትናንት ማታ፣ የምትጽፍልኝ እውነት እሷ መሆኗን ልወቅ ብዬ፣ አባታችንን የሚያመው የትኛው እግሩ እንደሆነ ጻፊልኝ አልኳት። መልእክቴ ወዲያው ተነቧል፣ መልስ ግን እስካሁን የለም።