እፍኝ የገብስ ዱቄት

«ዳቦውን መልሺው፤ ጥብሱን ብቻ ነው የምፈልገው።»

አስያ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየችው። የሥራ ልብሱ፣ ፀጉሩ፣ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር በስንዴ ብናኝ ነጥቷል። ከኮምባይነር ላይ ወርዶ በቀጥታ እንደመጣ ያስታውቃል።

«ምን ሆነ ዳቦው? እናቴ ናት የጋገረችው፤ ዛሬ ጠዋት!»

«ዳቦው ምንም አልሆነም፣ እህቴ። እኔ እህል አልበላም።»

«እህል አትበላም?» ሳቋ አመለጣት። «ላይህ ላይ የተሸከምከው ታዲያ ምንድን ነው?»

«እሱን አጭደዋለሁ እንጂ አልበላውም» አለና እሱም ሳቀ።

ሳቁ ነው የያዛት። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ በዚያ ቤት ሳቅ ብርቅ ነበር። አስያና እናቷ ወይዘሮ ሩቂያ ከስልጤ መጥተው ከአሰላ መናኸሪያ ዝቅ ብላ ያለችውን ምግብ ቤት የከፈቱት አባቷ ከሞተ በኋላ ነው። ወይዘሮ ሩቂያ ደግሞ ዳቧቸውን ለሚያመሰግን እንጂ ለሚስቅ ሰው ጊዜ የላቸውም።

አስያ ወደ ማድ ቤት ገብታ ቆጮ ይዛ ተመለሰች።

«ይሄስ? እህል አይደለም፤ እንሰት ነው። ሥር ነው።»

ሰውየው ቆጮውን አገላብጦ አየው። ስሙ ሚፍታ ነው፤ የጢቾ ልጅ።

«ሥር ከሆነ ይፈቀድልኛል።»

«ማነው የሚፈቅድልህ?»

«ፓሊዮ።»

«አለቃህ ነው?»

ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ አስረዳት። ፓሊዮ ማለት የሰው ልጅ እርሻ ከመጀመሩ በፊት ይበላው ነበር የሚባለውን ብቻ መብላት ነው። ሥጋ፣ ጎመን፣ ሥራ ሥር፣ ፍራፍሬ። ስንዴ የለም፣ ገብስ የለም፤ ወተትና ስኳርም የለም። የተማረው ከስልኩ ላይ ነው። «ይስማማኛል» አላት፤ ለምን እንደጀመረው ግን አልነገራትም። እሷም የወጣት ፋሽን መስሏት አልጠየቀችውም።

ሚፍታ በነጋ በጠባ ይመጣ ጀመር። ጫት አይቅም፣ ሲጋራ አያጨስ፣ ሻዩ ያለ ስኳር። የኮምባይነር ጓደኞቹ «ሐኪሙ መጣ» እያሉ ያሾፉበታል። ከሱብሂ ሶላት በኋላ ደግሞ ወደ ጭላሎ ተራራ በሚወስደው መንገድ በእግሩ ይሄዳል። አስያም አብራው መሄድ ጀመረች። ለእናቷ «ለጤናዬ ነው» አለቻቸው። የአሰላ ብርድ በዚያ ሰዓት ማንንም ለጤና ብሎ ከአልጋ የሚያስወርድ አይደለም፤ ይህን ደግሞ ወይዘሮ ሩቂያ አላጡትም።

«አስያ» አላት አንድ ጠዋት፣ ጭጋጉ ውስጥ ቆም ብሎ። «ከሰው ቤት መብላት እፈራለሁ። ሰርግ ስሄድ ዳቦ ነው፣ ዘመድ ጋ ስሄድ የገብስ ጩኮ ነው። እምቢ ስል ናቀን ይላሉ። ያንቺ ቤት ብቻ ነው ሳልሰጋ የምበላው።»

«እንግዲያው ዕድሜ ልክህን ብላ!»

ካለች በኋላ ነው ምን እንዳለች የገባት። ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

«ቃልሽ ነው?» አላት በቀስታ።

«...ቃሌ ነው።»

ሽማግሌ ተላከ። ወይዘሮ ሩቂያ «ዳቦዬን የማይቆርስ አማች!» እያሉ ቢያጉረመርሙም እሺ አሉ። የጋብቻው ኒካ ሚፍታ የባሌን አጨዳ ጨርሶ ሲመለስ እንዲሆን ተስማሙ።

ከባሌ ሲመለስ ግን ከስቶ ነበር። ማሳ ለማሳ ሲዞር ሥጋውም አትክልቱም እንደልብ አልተገኘም፤ ብዙ ቀን በሙዝ ነው የዋለው። አስያ በሩ ላይ ስታየው ደነገጠች፤ ኒካውም እስኪያገግም ተላለፈ። ወይዘሮ ሩቂያ እጇን ይዘው ወደ ማድ ቤት አስገቧት።

«አየሽው? ይሄ ልጅ በገዛ እጁ እየሞተ ነው! ለስልክ ብሎ!»

«ሥራ በዝቶበት ነው፣ እማ።»

«ሥራ በሌላውም ይበዛል። የአርሲ ወንድ ያለ ገብስ ምን ጉልበት አለው? ነገ ልጅ ልትወልጂለት አይደል? ቆጮው ላይ እፍኝ ገብስ ጣል አድርጊበት። አያውቀውም።»

«አልበላም ብሎናል እኮ!»

«እናት ለልጇ መድኃኒቱን በማር ደብቃ አትሰጥም? ይሄም እንደዚያው ነው።»

አስያ ብዙ አልተከራከረችም። የተቆላ የገብስ ዱቄት እፍኝ ሙሉ ዘግና ከቆጮው ጋር አሸችው። በጠላትነት አይደለም። ስታሸው «ያ ረቢ፣ ጤናውን መልስለት» እያለች ነበር። ማን ይፈርድባታል? ስትወደው ነው።

ሚፍታ ኮምባይነሩን ለጥገና ጋራዥ አስገብቶ ስለነበር ምሳው በየቀኑ ከአስያ ነው የሚሄድለት። ቆጮውን አጣጥሞ ይበላና «ገለቶሚ፣ የኔ ቆንጆ» ብሎ ያመሰግናታል። ብዙም ሳይቆይ ሆዱን ይነፋው ጀመር። ቀጥሎ ተቅማጡ መጣ። ከዚያ ጉልበቱ ከዳው፤ የጠዋቱን መንገድ ግማሽ ሳይደርስ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ሱሪውን በገመድ ነው የሚያስረው።

«ምን በልተህ ነው?» ትለዋለች።

«ወላሂ ካንቺ ቆጮ ሌላ ምንም አልቀመስኩም። እሱ ባይኖር እስካሁን ወድቄ ነበር።»

ወይዘሮ ሩቂያ ይህን ሲሰሙ «አየሽ! አንድ እፍኝ አልበቃውም ማለት ነው» አሉ። እሱ በደከመ ቁጥር እነሱ ዱቄቱን ጨመሩ። ዱቄቱ በጨመረ ቁጥር እሱ ደከመ።

በመጨረሻ ጋራዡ ውስጥ ተዝለፍልፎ ወደቀ። አስያ በባጃጅ ወደ ሆስፒታል ወሰደችው። ያየችው ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች ወጣት ሐኪም ናት፤ ዶክተር ፅዮን።

«ከዚህ በፊት እንዲህ አሞህ ያውቃል?» ስትል ጠየቀችው።

ሚፍታ አንገቱን ደፋ። የመለሰው አስያን ሳያይ ነው።

«ለዓመታት። ከልጅነቴ ጀምሮ። አሜባ አሉኝ፣ ታይፎይድ አሉኝ፣ ያልዋጥኩት ኪኒን የለም። እህል ስተው ነው የለቀቀኝ። በሽተኛ ነው ብለው ሚስት እንዳይከለክሉኝ ብዬ ነው እንጂ... ለማንም አልተናገርኩም።»

ዶክተሯ ብዕሯን አስቀመጠች። «ስንዴና ገብስ አንጀታቸውን የሚያቆስልባቸው ሰዎች አሉ። አንተም ከነሱ ትመስለኛለህ። አሁን ትንሽም ቢሆን እህል ነክተሃል?»

«በጭራሽ! የምታበላኝ እጮኛዬ ናት፤ ጠይቂያት።»

ዶክተሯ ወደ አስያ ዞረች። «እህል ይበላል እንዴ?»

ሚፍታ ዓይኑን አንስቶ ፈገግ አለላት፤ ያ ፈገግታ ነው አፏን የዘጋው። እውነቱን ብትናገር ያ ፈገግታ እዚያው ይጠፋል።

«አይበላም» አለች።

«እንግዲያው ሌላ ነገር ነው። ዕጢም ሊሆን ስለሚችል አዲስ አበባ ሄደህ መታየት አለብህ።»

አስያ ቤት እንደገባች የታሸውን ቆጮ ከነሳፋው ውጭ ደፋችው።

«እኛ ነን፣ እማ! እየገደልነው ያለነው እኛ ነን!»

«ዝም በዪ! ገብስ ሰው ገድሎ አያውቅም!»

«ነግሬው ልምጣ...»

«ንገሪውና ባልሽንም ስምሽንም እጪ። ከዛሬ ጀምሮ አትጨምሪበት፤ በቃ። እሱ ይድናል፣ አንቺም ትዳሪያለሽ።»

አስያ ይህን ሰማች። መስማት ስለፈለገች ሰማች። እስኪሄድ ድረስ እንዲሻለው በየሶላቱ ለመነች። የቆሰለ አንጀት ግን በእሷ ልመና ልክ አልዳነላትም፤ ሚፍታ እንደታመመ አዲስ አበባ ሄደ። እዚያ ሆዱን ከፍተው አዩት። ዕጢ የለም። ሌላም የሚቆረጥ ነገር አልተገኘም። ቁስሉ ግን አመረቀዘበትና ብዙ ተኛ። ሲመለስ ከደረቱ በታች እስከ እምብርቱ ጠባሳ ወርዷል፤ ኮምባይነሩም ለሌላ ሾፌር ተሰጥቷል።

ጤናው ግን ቀስ በቀስ ተመለሰ። ፊቱ ሞላ፣ መራመድ ጀመረ። የኒካው ቀን እንደገና ተቆረጠ። ከኒካው በፊት በነበረው ሰሞን ምግብ ቤቱ መጥቶ እናትና ልጅን አጠገቡ አስቀመጠ።

«አሰብኩበት» አለ ደስ ብሎት። «ሆዴን ከፍተው ምንም አላገኙም። እህሉን ትቼም ታመምኩ። ስለዚህ እህል ምንም አላደረገኝም ማለት ነው፤ ስልኩ ነው ያታለለኝ። እማማ፣ ብዙ አስቀይሜዎታለሁ። በኒካው ቀን የእርስዎን ዳቦ ሰው ሁሉ እያየኝ እቆርሳለሁ። ከዚያ በኋላም እንደ ሰው እበላለሁ።»

ወይዘሮ ሩቂያ እልል አሉ። አስያ ግን እልልታውን አልተቀበለችም። ሊያስደስታት ብሎ መርዙን ሊበላ ነው!

በማግስቱ ጠዋት፣ መንገድ ላይ፣ እጁን ያዘችው።

«ሚፍታ፣ ዳቦ እንዳትበላ።»

«ለምን?»

«ያኔ ቆጮው ውስጥ ገብስ ነበረ።»

አልገባውም። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

«እኔ ነኝ ያደረግኩት። ከስተህ ስትመጣ... ጉልበት ይሆንሃል ብዬ። በየቀኑ!»

በአጠገባቸው ጋሪ አለፈ። ነጂው ሰላም ሲላቸው ሁለቱም አልመለሱም።

«ዶክተሯ ስትጠይቅሽ...»

«አውቅ ነበር።»

«አዲስ አበባ ስትሸኚኝስ?»

«አውቅ ነበር፣ ሚፍታ። አውቅ ነበር!»

ቢጮህባት በወደደች። ቢመታት እንኳ በወደደች። እሱ ግን በሸሚዙ ላይ የሆዱን ጠባሳ ዳበስ ዳበስ አደረገና ብቻውን ወደ ከተማ ወረደ።

ስለ ገብሱ ሲነግራት ዶክተር ፅዮን የአንጀቱን ምርመራ አስደርጋ የጠረጠረችውን አረጋገጠችለት። ከስንዴና ከገብስ ርቆ ከኖረ እንደማንኛውም ሰው ጤነኛ ነው። ሚፍታ ኒካውን አላፈረሰም። «ትንሽ ጊዜ ስጪኝ» ብሎ ላከባት። አስያ በዚያች ቃል ሰነበተች።

አንድ ቀን ከሰዓት የተቀቀለ እንቁላል በፌስታል ይዛ ወደ ተከራየው ክፍል ሄደች።

«ከነቅርፊቱ ነው ያመጣሁት» አለችው። «እዚህ ውስጥ ማንም ምንም ሊጨምር አይችልም።»

ሚፍታ አያት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ... ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ! አንዱን አንስቶ ላጠ፣ ጨው ነክቶ በላ። አስያ ያየችውን ማመን አቃታት፤ ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ። ከደስታዋ ብዛት ሁለተኛውን ራሷ ላጠችና ግማሹን ቆርሳ ወደ አፉ ዘረጋች።

«ጉረስልኝ...»

ሳቁ ቆመ። ጣቶቿን አየ። አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋ። «ቢስሚላህ» አለና ዓይኑን ጨፍኖ ጎረሰ። አላመጠ። ደጋግሞ አላመጠ። መዋጥ ግን አልቻለም። በመጨረሻ ፊቱን አዙሮ መዳፉ ላይ ተፋው።

«ይቅር ብዬሻለሁ፣ አስያ። ወላሂ ይቅር ብዬሻለሁ! ጉሮሮዬ ነው እምቢ ያለኝ።»

«ራስህ አብስል! እኔ ማድ ቤት አልገባም። ዕድሜ ልኬን አልገባም!»

«ከዚያስ? ልጅ እንወልዳለን። የኔን በሽታ ይወርስ ይሆናል። ስታጎርሺው በር ላይ ቆሜ እጅሽን ልጠብቅ?»

እንደዚያ ያለ ቤት ታያት። እሱ ሰላይ፣ እሷ ተጠርጣሪ፣ ልጃቸው በመሃል። የምትወደውን ሰው በዚያ ቤት ልታስገባው አልፈለገችም።

«ሂድ» አለችው። «እኔ አልይዝህም። ሂድ።»

እጇን አንስቶ ሳመው። ብዙ ቆየ እንደሳማት።

ኒካው ቀረ። ሚፍታ ለሽማግሌዎቹ «በሽተኛ ነኝ፤ የሰው ልጅ ላሰቃይ አልፈለግኩም» ብሎ የአስያን ስም ሳያነሳ ወደ ባሌ ሄደ። ሽማግሌዎቹም ሊያጽናኗት ምግብ ቤቱ ድረስ መጡ።

«አልሐምዱሊላህ በይ፣ ልጄ» አሉ አንደኛው። «በሽታውን ደብቆ ሊያገባሽ ነበር። አላህ ነው ያተረፈሽ።»

ወይዘሮ ሩቂያ በጠረጴዛው ስር የልጃቸውን ጉልበት ጨበጥ አደረጉ፤ ዝም በዪ ማለታቸው ነው። አስያ የእናቷን እጅ ቀስ ብላ አነሳችና ቆመች።

«በሽተኛ አይደለም፣ አባቴ» አለች። «ያሳመምኩት እኔ ነኝ። በዚህ እጄ።»

ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻቸው፤ ምንም አላስቀረችም። ሽማግሌዎቹ የቀረበላቸውን ምግብ ሳይነኩት ተነስተው ወጡ። አስያም ሳህኖቹን ሰብስባ ወደ ማድ ቤት ገባች።