የኋለኛው ደረጃ ጩኸት

አጥኚዋ በአእምሮ ጤና ማዕከሉ የኋለኛ ደረጃ ግርጌ በደረቷ ተደፍታ ሞታ ስትገኝ፣ የጥናቷ ውጤት ሊሰማ አንድ ሌሊት ብቻ ቀርቶት ነበር። ዓመት ሙሉ ሕሙማኑንና ቤተሰቦቻቸውን እየጠየቀች፣ የትኛው አገልግሎት ሰውን እንደሚያድን፣ የትኛውስ ለይስሙላ እንደሚሠራ ስትመዝን ከርማለች። ደረጃው ገና ተወልውሎ እርጥብ ስለነበር ሁሉም «አዳልጧት ነው» አለ።

የተጠራችው መርማሪ ግን ነገሩን አልዋጠችውም። ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ሆና ሳይሆን ስለምትወጋ ነው። ከደረጃው አናት ቆማ ቁልቁል አየች፤ ከዚያ ወርዳ የሟቿን የተላላጡ መዳፎች አገላብጣ ተመለከተች።

«እርጥብ ደረጃ ያዳለጠው ሰው በጀርባው ነው የሚወድቀው» አለች ለማዕከሉ ኃላፊ። «ይህቺ ግን እጇን ዘርግታ ወደ ፊት ነው የሄደችው። ሰው ገፍቷታል። ፎቁ ላይ እነማን ነበሩ?»

ኃላፊው ላቡን ጠረገ። «ሦስት ሰዎች ናቸው። አንዱ ባሏ ነው፤ መድኃኒት ቤታችን ውስጥ ይሠራል። ሌላው የተኝቶ ታካሚዎች ሐኪም። ሦስተኛዋ ሕሙማን በንግግር የሚታከሙበትን የውይይት ክፍል የምትመራው የሥነ ልቦና ባለሙያ ናት፤ የሟቿ አብሮ አደግ።»

መርፌ መጀመሪያ ባልየውን ፊቷ አስቀመጠችው። ዓይኑ ደም ለብሷል።

«በሷና በሐኪሙ ትቀና ነበር ይባላል።»

«ምን እክዳለሁ? ቀንቻለሁ። ስለሱ ክፍል ስታወራ ፊቷ ይበራል፤ ቤት ስትገባ ግን ድካሟ ብቻ ነው የሚደርሰኝ። ቅናት አንጀት ይበላል፣ እህቴ።»

«መጨረሻ ያየሃት መቼ ነው?»

«ዛሬ ጠዋት። ቃል ሳትተነፍስ፣ በእጇ ብቻ ተሰናብታኝ ወጣች።»

ቀጥላ የገባችው አብሮ አደጓ ነበረች። አስከሬኑ ጋ መጀመሪያ የተገኘችውም እሷ ናት።

«እንደ እህቴ ናት» አለች መሀረቧን እያፍተለተለች። «አብረን ተማርን፤ ሁሌ እሷ አንደኛ፣ እኔ ሁለተኛ።» ፈገግ ልትል ሞከረች፤ ከንፈሯ እምቢ አላት።

«እንዴት ቀድመሽ ደረስሽ?»

«ክፍሌ ሆኜ ጩኸቷን ሰማሁ። "ወይኔ!" ብላ ስትጮህ ሮጥኩ፤ ስደርስ አልቆላታል።»

«ሰሞኑንስ ትገናኙ ነበር?»

«ጥናቱ ይለቅ ብዬ ራቅ ብያት ነበር። አድልዎ እንዳይመስል።»

ሐኪሙ አንገቱን ቀና አድርጎ ገባ። «ጩኸት? እኔ ከደረጃው አጠገብ ሆኜ ምንም አልሰማሁም» አለ። «እውነቱን ልንገርዎት፤ ቅናቱ እኔም ዘንድ አለ። ሕሙማኑን በመድኃኒት የማቆማቸው እኔ፣ የሚመሰገነው የውይይት ክፍሉ! አጥኚዋን በዚህ ነገር ስሞግታት ነው የከረምኩት። ግን ተጠላልተን አይደለም፤ ትናንት ጉሮሮዋን አይቼ መድኃኒት ያዘዝኩላት እኔ ነኝ።»

መርፌ ይህን ስትሰማ ከወንበሯ ተነሣች። «ሁሉንም ስብሰባ አዳራሽ ጥሩልኝ» አለች።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁሉም በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ።

«ሦስታችሁም ቀንታችኋል» ብላ ጀመረች። «ስለዚህ ቅናትን ትቼ ጩኸቱን ያዝኩ። ወንድሜ፣ ባለቤትህ ጠዋት ያላናገረችህ አኩርፋህ ነው?»

«ኧረ ታርቀን ነበር! ድምፅዋ ጭራሽ ተዘግቶባት ነው።»

«ዶክተር፣ እንዲህ የታመመ ጉሮሮ ይጮሃል?»

«እንኳን ሊጮህ! ማንሾካሾክም አቅቷት ነበር።»

«ጠይቄያለሁ፤ ማዕከሉ ውስጥ ከጥበቃው እስከ ኃላፊው ይህን ያላወቀ የለም» አለች መርፌ። «ያላወቀው፣ ኩርፊያ ከሷ ያራቀው ሰው ብቻ ነው። ልጄ፣ "ራቅ ብያት ነበር" ያልሽኝ አንቺ ነሽ። ከኋላ መጥተሽ ገፋሻት። አስከሬኑ ጋ ለምን ቀድመሽ እንደተገኘሽ ስትጠየቂ ጩኸት ፈጠርሽ። ያቺ ሴት ግን የምትጮህበት ድምፅ አልነበራትም።»

ባለሙያዋ ፊቷ አመድ መሰለ። ድንገት ጠረጴዛውን በጡጫ መታች።

«ሁሌ እሷ! ሁሌ እሷ ፈራጅ፣ እኔ ተፈራጅ! ስለ ሐኪሙ ክፍል ስታወራ ፊቷ ሲበራ እኔም አይቻለሁ። የኔን ክፍል ልታስዘጋ ነበር!»

«ማን ነገረሽ?» አለ ኃላፊው። «ከሐኪሙ መድኃኒት ጋር ያንቺን ውይይት ያገኙት ሕሙማን ናቸው ድጋሚ ታመው ሳይተኙ የቀሩት። ፊቷ የሚበራው ለዚህ ነበር። በየቅርንጫፉ ይስፋፋ፣ አንቺም ምሪው ልትል ነበር ነገ።»

ባለሙያዋ ጡጫዋን ፈታች።

«ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?» አለች በቀጭን ድምፅ።

ባልየው ቀና ብሎ አያት። «ቤትሽ ድረስ መጥታ በርሽን አንኳኳች። እኔ መኪና ውስጥ ሆኜ እጠብቃት ነበር። መስኮት ላይ አየንሽ፤ አልከፈትሽም።»

በማግስቱ ውጤቱን በጉባኤ ፊት ቆሞ ያቀረበው ሐኪሙ ነበር። የውይይት ክፍሉ እንዲስፋፋ ከሁሉም ቀድሞ እጁን ያወጣውም እሱ ነው። ሁሉም ተስማማ። ማን ይምራው ሲባል ግን፣ ጥናቱ ላይ የተጻፈው ስም የአብሮ አደጓ ነበር።