የመጨረሻው አንቀጽ

«ወታደሮቻችን ከፖላንድ ከወጡ የጠላት ልብ ይደፍራል፤ ጠላት ከደፈረ ወዳጆቻችን በእኛ ላይ ያላቸው እምነት ይሸረሸራል፤ እምነቱ ከተሸረሸረ እያንዳንዱ አገር የራሱን ቦምብ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ፣ የተከበሩ ዳኛ፣ የኑክሌር ጦርነት ነው!»

ጁኒ ይህን ሁሉ ያለችው በአንድ ትንፋሽ ነው። ወዲያው የክርክር ጓዷ የቴዮ ሰዓት ጮኸ። ዓለም በመጥፋቷ ግን ማንም አልደነገጠም። ዳኛዋ ማስቲካዋን እያኘከች ማስታወሻዋን ጻፈች፤ የባዮሎጂ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የተሳለው ሆዱ የተቀደደ እንቁራሪትም እንደ ጠዋቱ ጣሪያውን ማየቱን ቀጠለ።

በዚህ የካንሳስ አካባቢ የተማሪዎች ክርክር ሁሉ የሚያልቀው በኑክሌር ጦርነት ነው። በስንዴ የተጀመረም ሆነ በኤምባሲ የተጀመረ፣ ሰዓቱ ሳይሞላ ቦምቡ ጋ መድረስ አለበት። ያልደረሰ ሳይዘጋጅ እንደመጣ ይቆጠራል።

የዘንድሮው ርዕስ «አሜሪካ በዓለም ላይ ያላት ተሰሚነት እየቀነሰ ስለሆነ በውጭ ያሉ ወታደሮቿን ታስመልስ» የሚል ነበር። ተማሪዎቹ አሳጥረው አንዱን ወገን «ይመለሱ»፣ ሌላውን «ይቆዩ» ይሉታል። ያመነበትን ብቻ ይዞ የሚከራከር የለም። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ሳንቲም ይወረወራል፤ የወጣለት ይመርጣል፣ ያልወጣለት የተረፈውን ይወስዳል። ጁኒና ቴዮ «ይቆዩ»ን ይዘው ስድስት ጊዜ ተከራክረዋል፤ ስድስቱንም ረትተዋል። «ይመለሱ» ሁለት ጊዜ ደርሷቸው ሁለቱንም ተሸንፈዋል። ሁለቱንም ጊዜ ጁኒ ቤት ሆነው ስለሚጠብቁ የወታደር ልጆች የሚያወራውን የመጨረሻውን አንቀጽ ዘልላ ተቀምጣለች።

«ገጹ ተጣብቆብኝ ነው» ነበር ያለችው።

ስድስተኛው ድል ይህ ዙር ነበር። የቀረው ፍጻሜው ብቻ ነው። ያሸነፈ ወደ ግዛቱ ውድድር፣ ወደ ቶፒካ ከተማ ይሄዳል። ጁኒ ገና ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ለሆነው ለቴዮ ግን ይህ የመጨረሻው ዕድል ነው።

ምሳ መብያው አዳራሽ ውስጥ አያቷ ኦርቪል ዶናት ይዘው ጠበቋት። ለውድድሩ የሚመጣ ትምህርት ቤት ሁሉ አንድ አዋቂ ለዳኝነት ማምጣት ግዴታው ነው። የእነጁኒ ትምህርት ቤት ያገኘው አዋቂ እሳቸው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የትራክተር ጎማ ሲጠግኑ የኖሩ። የልጅ ልጃቸውን መዳኘት ስለማይፈቀድላቸው ጠዋቱን በሌሎች ክፍሎች ሲዞሩ ቆይተዋል።

«ዛሬ ስንቴ ጠፋን አያቴ?» አለች ጁኒ።

«አምስቴ። ስድስተኛው ላይ ሰዓት አለቀበት፣ ምስኪን።»

«ግን የእውነት ተሰሚነታችን እየቀነሰ ይመስልዎታል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? የራሴ ተሰሚነት ቤቴ ውስጥ መቀነስ የጀመረው አያትሽን ያገባሁ ዕለት ነው።» ከዚያ ዶናታቸውን አስቀመጡና ጢማቸው ላይ የቀረውን ስኳር ጠረጉ። «አንድ ነገር ግን ከንክኖኛል፣ የኔ ልጅ። ጠዋት ሙሉ ‹የአሜሪካ ተሰሚነት፣ የአሜሪካ ተሰሚነት› ስትሉ ሰማሁ። እኔ የማውቃት የአሜሪካ ተሰሚነት ዘይት የነካው ቱታ ለብሳ መኪና ሥር የተኛች ናት። እሷ ራቷን በላች ወይ ብሎ የጠየቀ አንድ ልጅ አልሰማሁም።»

ጁኒ ዶናቷ ላይ አፈጠጠች። እናቷ ሻና ፖላንድ ባለ የጦር ሰፈር የከባድ መኪና መካኒክ ናት። ስትሄድ ዘጠኝ ወር ብለዋት ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ሦስት ወር ጨመሩባት።

ስልኳ ነዘረ፤ የእናቷ መልእክት ነበር።

«ለፍጻሜ አለፋችሁ አሉ! አያትሽ ስልኩን ይይዙልኛል፣ በቪዲዮ አይሻለሁ። ያው እንደ ሁሌው ‹ይመለሱ›ን ነው የምትይዙት፣ አይደል?»

በመስከረም እናቷ ይህንኑ ጠይቃት «አዎ» ብላት ነበር። ያኔ ትንሽ አዎ ነበረች፤ ሳታስበው አድጋ እዚህ ደረሰች። አሁንም «አዎ» ብላ ጻፈች፣ አጠፋችው፣ እንደገና ጻፈች፣ አጠፋችው። በመጨረሻ የዶናቱን ፎቶ ላከችላት።

ቴዮ ኮሪደሩ ላይ ከአጎቱ የተዋሰውን ሱፍ እጅጌ እየጠቀለለ ነበር።

«ሳንቲሙ ከወጣልን ‹ይቆዩ› ነው። አለቀ፣ ደቀቀ» አላት። «ቶፒካ ሆቴሉ መዋኛ አለው አሉ።»

«ቴዮ፣ ገጹ ተጣብቆ አልነበረም።»

«አውቃለሁ። ፕላስቲክ ውስጥ ያለ ገጽ በምን ይጣበቃል?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? ‹እናትሽ ናፍቃሽ ነው ያስበላሽን› ልበል?» እጅጌው ወርዶ እጁን ዋጠው፤ መልሶ ጠቀለለው። «ሁለተኛው ላይ በጣም ተናድጄብሽ ነበር። ከዚያ መኪና ውስጥ አንደኛ ሳቅ፣ አንደኛ ጨዋታ ሆንሽ። እንደዚያ የምትስቂው ሲብስብሽ ነው።»

ጁኒ ዓይኗን የቴዮ ጫማ ላይ ጣለች። «ለእናቴ ሁሌ ‹ይመለሱ›ን ነው የምይዘው ብያታለሁ።»

«ኧረ በናትሽ!»

«እና አሁን ልታየኝ ነው።»

ቴዮ በረጅሙ ተነፈሰ። «ስሚ። ሳንቲሙ ሲወረወር አንቺ ጥሪ። ከወጣልንም የምትናገሪው አንቺ ነሽ። ምንም ብትይ ግን ቀድመሽ ለእኔ ንገሪኝ። ከዳኛ አፍ መስማት አልፈልግም።»

ፍጻሜው ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ነበር። ሦስት ዳኞች ተቀምጠዋል። ተጋጣሚያቸው በልኩ የተሰፋ ሱፍ የለበሰ የዊቺታ ልጅ ነው፤ ከጎኑ ጎማ ያለው የሰነድ ሻንጣ የምትጎትት ጓደኛው ቆማለች። ኦርቪል ከኋላ ሆነው ስልኩን ዘርግተዋል። ገልብጠው ስለያዙት ሻና ከፖላንድ በጭንቅላቷ የቆመች ትመስላለች።

«ራስ ወይስ ንስር?» አሉ ዋና ዳኛው።

«ንስር» አለች ጁኒ።

ሳንቲሙ ተሽከርክሮ ምንጣፉ ላይ ወደቀ። ንስር።

«ምርጫው የእናንተ ነው።»

የዊቺታው ልጅ ፈገግ አለ። ሁሉም የእነጁኒን ስድስት ለባዶ ሰምቷል፤ እሱም ለ«ይቆዩ» መልሱን አዘጋጅቶ ነው የመጣው። ቴዮ ወፍራሙን የ«ይቆዩ» ፋይል እቅፉ ውስጥ ይዟል። ጁኒ ወደ ጆሮው ጠጋ አለች።

«‹ይመለሱ›ን ልበል?»

ቴዮ ዓይኑን ጨፈነ። ቶፒካ፣ ሆቴሉና መዋኛው በፊቱ ላይ ሲያልፉ ጁኒ አየቻቸው።

«ካለቀስሽ ነጥብ ይቀንሱብናል» አላት በሹክሹክታ።

«አላለቅስም።»

«ብታለቅሺስ?»

«እያለቀስኩ አነበዋለሁ። አልዘለውም።»

ቴዮ ወፍራሙን ፋይል ወንበሩ ሥር አስገባና ስሱን አወጣ። «እሺ። ኑክሌሩን ለእኔ ተዪልኝ።»

«‹ይመለሱ›ን መርጠናል» አለች ጁኒ ጮክ ብላ። የዊቺታው ልጅ ፈገግታ እዚያው ደረቀ። ጓደኛው ሻንጣዋን መበርበር ጀመረች።

ከኋላ በኩል የተገለበጠችው እናቷ ድምፅ መጣ፤ «አባዬ፣ ስልኩን አቅኑልኝ እንጂ! ጣሪያውን ነው እኮ የማየው!»

«ቀና ነው እኮ» አሉ ኦርቪል እየገለባበጡት።

ጁኒ ስሱን ፋይል ከፈተች። የመጨረሻውን ገጽ ከፕላስቲኩ አወጣችና ከሁሉም ገጾች በላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ቴዮ ሰዓቱን እንዲያስጀምር ራሷን ነቀነቀችለት።