ሃያ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ

መኪናዋ ወደ ጋራዡ የገባችው እየተገፋች ነው። ሦስት መንገደኞች ከኋላ ይገፋሉ፤ መሪውን የያዘችው ልጅ በመስኮት አንገቷን አውጥታ «ቀስ! ቀስ በሉ!» ትላለች። ሜካኒኩ ከሌላ መኪና ሥር ተንፏቆ ወጣ።

«ፍሬን ያዢ እንጂ! ግድግዳውን ልትደረምሺው ነው።»

«ፍሬኑ ከሞተሩ ቀድሞ ነው የሞተው» አለችው።

ሳቅ የማይቀናው ሰው ነበር። የዚያን ቀን ግን ሳቀ።

ልጅቷ የመኪና ወንበር ሰፊ ናት። አባቷም ወንበር ሰፊ ነበሩ፤ ሙያውንም መኪናዋንም ትተውላት አረፉ። ቤታቸው ዳገት ላይ ነው። አባትየው በሕይወት ሳሉ ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ያቆሙላትና ወርዳ በእግሯ ትወጣ ነበር። መኪናዋ ሁለት ሰው ይዛ አትወጣውም።

«የምፈልገው አንድ ነገር ነው» አለች። «ማንም ሳይወርድ ያንን ዳገት እንድትወጣልኝ።»

ሜካኒኩ ሞተሩን አወረደ። ከተጋጨች መኪና ላይ ደህና ሞተር ፈለገና ተርቦ ገጠመለት፤ ተርቦ አየር በግድ ወደ ሞተሩ እየነፋ ጉልበት የሚጨምር ነው። በመሃሉ ልጅቷ የጋራዡ ግቢ ውስጥ ያለችውን ባዶ ክፍል ተከራይታ የስፌት መኪናዋን ተከለች። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ይተያያሉ። እሱ ቀና ሲል እሷ ዝቅ ትላለች፤ እሷ ቀና ስትል እሱ መኪና ሥር ይገባል።

የሁለት ወር ሥራ ነበር። ስምንት ወር ፈጀ።

ግቢው ሁሉ ምክንያቱን ያውቃል። ቦዲ የሚቀጠቅጡት ሽማግሌ፣ ጋሽ መዶሻ የሚሏቸው፣ አንድ ቀን ተርቦውን ለሦስተኛ ጊዜ ሲፈታ አይተው፣

«አንተ ልጅ፣ ያ ብሎን ምን አደረገህ?» አሉት።

«ላጠብቀው ነው ጋሼ።»

«ብሎኑ ጠብቋል። ያልጠበቀው ምላስህ ነው። ለልጅቷ መኪናዋን ስጣትና የልብህን ንገራት።»

ወደ ብሎኑ ተመለሰ። መኪናዋ ካለቀች ልጅቷ ቁልፉን ተቀብላ ከደጁ የምትጠፋ ይመስለዋል። ይህን ለማንም አልተናገረም።

በዚያው ሰሞን ቱታው ከሚስማሩ ላይ ጠፋበት። በሳምንቱ ተመልሶ ተሰቅሎ አገኘው፤ የተቀደደው ክርኑ ተጥፏል። ማን እንደጣፈው ከስፌቱ አወቀ። ምስጋናውን ግን እንደ ሌላው ነገር ሁሉ ዋጠው።

የቀረው ኮምፒውተሩ ብቻ ሆነ። ለሞተሩ ቤንዚን የሚመጥነው ኮምፒውተር ተርቦ የሚባል ነገር አያውቅም። ካልተነገረው ቤንዚኑን ያሳንሰዋል፤ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል፤ ፒስተኑ ይቀልጣል።

ልጅቷ በርሜል ላይ ተቀምጣ ሰማችው።

«አዲስ ሙሉ ኮምፒውተር አለ። እሱን ከምትገዢ ሌላ መኪና ብትገዢ ይሻላል።»

«ተወው። ሌላስ?»

«ትንሽ ሳጥን አለች። ርካሽ ናት። በመሃል ትገባና የድሮውን ኮምፒውተር ትዋሸዋለች። ሲያምናት ጥሩ ነው። የነቃባት ቀን ሞተሩ ሄደ።»

«በውሸት የሚሄድ መኪና አልነዳም። ሦስተኛው?»

ሦስተኛውን ማውጣት ከበደው።

«የድሮውን ኮምፒውተር ከፍቶ እንደገና መጻፍ። እሱን የሚችል ሰው አለ። ላፕቶፕ ይዞ ይመጣል።»

«ታዲያ ይምጣ!»

መጣ። ከሌላ ከተማ ነው፤ ረጅም፣ ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ ጥፍሩ ውስጥ ግሪስ የሌለበት ሰው። ግቢው ባለላፕቶፑ አለው። ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ብዙ ጊዜ አየ።

«ይህን የሠራ እጅ ይባረክ» አለ። ሜካኒኩ ሙገሳው አልጣመውም። ሰውየው ሲያመሰግን ዓይኑ ልጅቷ ላይ ነበር።

«አሠራሩ ሁለት ዓይነት ነው» ብሎ ጀመረ ባለላፕቶፑ። «ዋጋውም ሁለት ነው። እመቤቴ ትምረጥ።»

እመቤቴ የሚለውን ሲሰማ ሜካኒኩ ፊቱን አዞረ። እጁን ሊታጠብ ወደ ቧንቧው ሄደ። እጁ ንጹሕ ነበር። ሁለቱ ዋጋዎች ምን ምን እንደሆኑ ሳይሰማ ቀረ።

ሲመለስ ልጅቷ ፊቷ በርቷል።

«መንገድ ላይ ነው የሚሠራው። አንድ ሰው ይነዳል፣ አንድ ሰው ላፕቶፑን ያያል» አለችው። «አብረኸን ና።»

«ሥራ አለብኝ።»

«ምን ሥራ?»

«ሥራ።»

ትንሽ አየችው። ከዚያ ቁልፉን አንስታ ወጣች።

ሁለት ሰዓት ቆዩ። ሜካኒኩ አንድ ጎማ ፈታ፣ ያንኑ ጎማ መልሶ አሰረ። በሩ ላይ የሞተር ድምፅ በሰማ ቁጥር ልቡ ቀድሞት ይወጣል። ሲመጡ ልጅቷ ትስቃለች። እሱ ጋ እንዲህ ስቃ አታውቅም። ወይም ስቃ ይሆናል፤ እሱ መኪና ሥር ስለሆነ አላያትም።

በማግስቱ ከመውጣታቸው በፊት አዲስ የሰፋችውን የሾፌር ወንበር አስገባች። ጥቁር ቆዳ፣ ድርብ ስፌት። ሜካኒኩ ከሩቅ ቃኘው። ወንበሩ ሰፊ ነው፣ መደገፊያው ረጅም ነው። ልጅቷ ስትቀመጥበት ጠፋችበት፤ ለመንዳት ከጀርባዋ ትራስ መወሸቅ ነበረባት።

በገዛ መኪናዋ፣ በገዛ እጇ በሰፋችው ወንበር ላይ ትራስ። ታዲያ ወንበሩ ለማን ነው? ባለላፕቶፑ ረጅም ነው። ሜካኒኩ የሚያስበውን አስቦ ጥርሱን ነከሰ።

በዚያ ቀን ባለላፕቶፑ ወደ ከተማው ሊመለስ ሲነሳ የትላንቱን የመንገድ መዝገብ በጋራዡ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ገለበጠለት።

«ሞተሩ የዋለውን ሁሉ ጽፎታል። የሠራኸው አንተ ነህና እየው» አለው።

አየው። ግን ሞተሩን አይደለም ያየው። ፍጥነቱን የሚያሳየውን መስመር በጣቱ እየተከተለ ሄደ። መኪናዋ ተነሳች፣ ፈጠነች፣ ቀነሰች። ከዚያ መስመሩ መሬት ወረደና ተኛ። ፍጥነት ዜሮ። ሞተሩ ግን አልጠፋም፤ መኪና ቆሞ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲሠራ ሚኒሞ ይሉታል፤ በሚኒሞ ላይ ነው። ደቂቃውን ቆጠረ። ሃያ ሁለት።

ደግሞ ቆጠረ። ሃያ ሁለት።

መስኮት ተዘግቶ፣ ኤሲ ተከፍቶ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ላፕቶፑን ክፍት ትቶ ወደ ስፌት ክፍሉ ሄደ።

«ትላንት የት ነበር የቆማችሁት?»

እግሯን ከስፌት መኪናው ላይ አነሳች። «መቼ?»

«ሃያ ሁለት ደቂቃ ቆማችኋል። መዝገቡ ላይ አለ።»

«ቆጠርከው?»

«ሁለት ጊዜ።»

ፊቷ ቀላ። ያፈረች መሰለው። አላፈረችም፤ ተናዳለች።

«ስማ፣ የምትጠብቀው መኪናዬን ነው ወይስ እኔን?»

«ማንንም አልጠብቅም። ነገ ያችን ሳጥን እገጥምልሻለሁ። በሁለት ሰዓት ያልቃል። መኪናሽን ይዘሽ ሂጂ።»

«ዋሾዋን ሳጥን?»

«አዎ። ውሸት ለሚመቻት ሰው።»

 ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «ስምንት ወር የሰው አፍ ስጠብቅ ኖሬ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሲከፈት ይህ ነው የወጣው? ውጣልኝ።»

ወጣ።

ጋሽ መዶሻ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ጥለው ላፕቶፑ ፊት ቆመው አገኛቸው። ጩኸቱን ሰምተዋል። ግቢው ጠባብ ነው።

«የቱ ጋ ነው የቆሙት?»

በጣቱ አሳያቸው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ሌላ መስመር ነኩ። «ይቺ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ከፍ ዝቅ የምትለውስ?»

«ኤሲው ነው ጋሼ። ከፍ ሲል በርቷል፣ ዝቅ ሲል ጠፍቷል።»

«እና በየደቂቃው ለምን ይበራል ይጠፋል?»

ሜካኒኩ ሊመልስ አፉን ከፈተ። ከዚያ ሳይዘጋው ቆመ።

ያውቃል። ይህን የማያውቅ ሜካኒክ የለም። ሚኒሞ የሚስተካከለው መኪና ቆሞ ነው፤ ኤሲ ይበራል፣ ሞተሩ ሲደክም ይታያል፤ ይጠፋል፣ እንደገና ይታያል። እሱ ራሱ ስንት ጊዜ አድርጎታል። ዓይኑ ፊት ተጽፎለት ሳለ ያነበበው ሌላ ነገር ነው።

«አንተ ልጅ» አሉት ጋሽ መዶሻ መነጽራቸውን ወደ ኪስ እየከተቱ፣ «ቆንጆ ልጅ አጠገቡ አስቀምጦ ሃያ ሁለት ደቂቃ ኤሲ ሲያበራና ሲያጠፋ የሚውል ወንድ አያሰጋህም። የሚያሰጋህ አንተው ነህ። ሂድ።»

ሄደ። በሩ ላይ ቆመ። እሷ ትሰፋለች፤ ቀና አላለችም። መርፌው ጥግ እስኪደርስ ጠበቀ።

«ሚኒሞ ነበር» አለ።

«ሚኒሞ ነበር» አለች ቆዳውን እያዞረች።

«ተሳስቻለሁ።»

«እሱን አውቃለሁ። ለምን እንደተሳሳትክ ንገረኝ።»

ቃላቱ ከበዱት። ሞተር ማውረድ ይቀለዋል። «ቀናሁ» አለ በመጨረሻ። «ወንበሩን ሳይማ ጭራሽ አበድኩ። ለእሱ ልክ ነው የሰፋሽው።»

አሁን ቀና አለች። ብዙ ጊዜ አየችው። ከዚያ ሳቋ አመለጣት፤ በእጇ ልትይዘው ሞከረች፣ አልቻለችም።

«ቁልፉን አንሳ» አለችው። «ሂድና ተቀመጥበት።»

ተቀመጠ። የሜካኒኩ ግራ ትከሻ ከቀኙ ዝቅ ያለ ነው፤ ድሮ ክሪክ ተንሸራቶ መኪና ወርዶበታል። በየትኛውም ወንበር ላይ ሲቀመጥ በግራ በኩል ባዶ ነገር ይሰማዋል፤ ለምዶታል። እዚህ ወንበር ላይ ባዶው የለም። በግራ በኩል ስፖንጁ ሁለት ጣት ያህል ወፍሮ ትከሻውን ተቀበለው።

«ቱታዬ» አለ።

«ሳምንት ሙሉ ልክህን ስወስድበት ነበር። ክርኑን የጣፍኩት ለማሳበቢያ ነው።»

የጋራዡን ላፕቶፕ ይዛ በጎን ገባች። ጭኗ ላይ ከፈተችውና ገመዱን ከመሪው ሥር ሰካችው፤ እጇ የት እንደሚሰካ ያውቃል።

«ማን አስተማረሽ?»

«ከባለላፕቶፑ ሌላ ማን ሊያስተምረኝ ነው? ሁለት ዋጋ ሲነግረኝ አንተ የታጠበ እጅ ስታጥብ ነበር። አንደኛው፣ እሱ እዚሁ ውሎ አድሮ በሦስት ቀን ይጨርሰዋል፤ ውድ ነው። ሁለተኛው፣ ሚኒሞውን ብቻ እዚህ ያስተካክልና የቀረውን ከከተማው ሆኖ ይሠራዋል። እኛ እየነዳን እንመዘግባለን፣ እንልክለታለን፤ እሱ አርሞ ይልካል፣ እንደገና እንነዳለን። ዋጋው ግማሽ ነው። ግን ወራት ይፈጃል፣ ደግሞም ሁሌ ሁለት ሰው መኪናው ውስጥ መቀመጥ አለበት።»

«እና የትኛውን መረጥሽ?»

«ርካሹን ነዋ» አለች ወደ መስኮቱ እያየች። «ማን ነው የሚነዳው ሲለኝ፣ የሠራት ሰው አልኩት። በሳቅ ሊሞት ነበር። ያን ቀን ያሳቀኝ ይኸው ነው፤ ታዲያ ሰውየው ወራቱ እንደሚበዛ ያውቃል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ስምንት ወር ሲያዘገይ የኖረ ሰው ነው፣ ቅር አይለውም አልኩት።»

ሜካኒኩ ሞተሩን አስነሳ። ከዚያ ማርሽ አስገባ።

ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ከልማዷ የተነሳ እጇ ወደ በሩ ሄደ። እሱ አየ።

«አትወርጂም» አላት።

በሁለተኛ ማርሽ ገቡበት። ተርቦው ማፏጨት ጀመረ። እሷ ዓይኗን ከላፕቶፑ ሳትነቅል «ጨምር... ጨምር... ቤንዚኑ አነሰ፣ ልቀቅ! ልቀቅ! አሁን ቀስ ብለህ» ትላለች። እሱ የተባለውን ያደርጋል። መኪናዋ ሁለት ጊዜ ተንገራገጨች፤ ሞተሩ ግን አላንኳኳም፣ ማንም አልወረደም። ጫፉ ላይ፣ የአባቷ ቤት በር ፊት፣ አቆመ። ሞተሩ በሚኒሞ ላይ ረጋ ብሎ ይሠራል።

ልጅቷ ቁልቁል ዳገቱን አየች፤ ዓይኗ ሞላ። እሱ  እጁን፣ ግሪስ ያለበትን እጁን፣ እጇ ላይ አደረገ።

«ይመዘግባል» አለችው ቀስ ብላ።

«ምኑ?»

 በነጻ እጇ ላፕቶፑን ዘጋችው።

በሦስተኛው ቀን ከባለላፕቶፑ መልእክት መጣ። «ሥራው ጥሩ ነው፣ ሁለተኛ ማርሽ ላይ ቤንዚን እጨምራለሁ። መዝገቡ ግን ዳገቱ ጫፍ ላይ ተቋርጧል። ምን ገጠማችሁ?»

ሜካኒኩ ስልኩን ለእሷ አቀበላት። እሷ አነበበችና መልሳ ለእሱ አቀበለችው።

«አንተ መልስለት» አለች። «አፍ አውጥተሃል።»

ብዙ አሰበ። ከዚያ ጻፈ፦

«ምንም። ቆመን ነበር።»