ሰላም ያላለው ቀዛፊ

«እማ... ጀልባው ከውሃ መጥቶ ለምን ደረቀ?»

ልጄ ሳና ጀርባዬ ላይ ሆና ነው ይህን የጠየቀችኝ።

ማመን ያልፈለገ ይተወው። እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ክረምት ነበር፤ ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ስምንት ሰዓት ገደማ። ዳቡስ ወንዝ ዳር፣ ጀልባ ጎትተን የምናወጣበት ድንጋይ ላይ።

የሳና ሰውነት በትኩሳት ይፋጃል። ጤና ኬላው ያለው ማዶ ነው፤ ድልድዩ ደግሞ ሩቅ ነው።

አብራኝ ጎረቤቴ ብሪቱ ነበረች፤ የወለጋ ሰው፣ ቀልድ የማያልቅባት።

በእኛ መሻገሪያ አንድ ወግ አለ። ቀድሞ ሰላም የሚለው ከውሃ የመጣው ነው። ዳር የቆመ ሰው አይቀድምም። ለምን እንደሆነ ጠይቀን አናውቅም።

ጀልባው ድንጋዩን ነካ... ድምፅ የለውም።

ተሳፋሪዎቹ ጀርባቸውን ሰጥተውናል። ቀዛፊው የጀልባ ነጂያችንን የማህጁብን ቆብ አድርጓል።

ማህጁብ ግን አይደለም።

ማንም ሰላም አላለም።

«ምነው፣ ምላሳችሁን ውሃ ወሰደው?» ብላ ሳቀች ብሪቱ።

«ዝም በይ!» አልኳት በሹክሹክታ።

«ተይኝ የሳና እናት! ልጅሽ እየነደደች ወግ ትጠብቂያለሽ?»

ጮክ አለች። «እንደምን ዋላችሁ!»

ቀዛፊው ያኔ ዞረ። ፈገግ ብሎ እጁን ዘረጋላት። ገባች።

ከገባች በኋላ አንድም ቃል አልወጣትም...

«ልጅቷ ትሞትብሻለች» አለኝ። «ነይ።»

ሳናን ጀርባዬ ላይ አጠበቅኳት።

«መጀመሪያ ሰላም በል።»

«ነይ።»

«ሰላም በል አልኩህ!»

አፉን ከፈተ... ቃሉ አልወጣም።

«አትችልም አይደል? እንግዲያው ሂድ! በድልድዩ ዞሬ፣ ተሸክሜ አደርሳታለሁ። ልጄን ወላሂ አልሰጥህም!»

ጀልባው ማንም ሳይገፋው ወደ ኋላ ሄደ።

ጩኸቴን ሰምቶ ማህጁብ እየሮጠ ወረደ። እጁ ሬንጅ በሬንጅ ነው። ቆቡም ራሱ ላይ አለ።

«ከማን ጋር ነው የምትጣዪው? ጀልባዬ ደጄ ላይ ተገልብጧል፤ እየጠገንኩት ነው።»

በጣቴ ወንዙን አሳየሁት።

ተሳፋሪዎቹ ሁሉ ወደ እኛ ዞሩ...

የሁሉም ፊት የብሪቱ ነበር።

ማህጁብ ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ።

ሳናን በድልድዩ ዞሬ አደረስኳት፤ ድናለች። እዚያው መንደር፣ እዚያው ቤታችን አለን።

ብሪቱ ሄደች። እኔና ልጄ ቀረን።